«ጆሮ ዳባ ልበስ»፦ በአውቶሞቢል ውስጥ ስላለ ጸጥታና በመንገድ ላይ ስላለ ሰው

አንድ ሰው እየሰማ እንዳልሰማ ሲሆን፣ በአማርኛ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይባላል። ዳባ ከተለፋ ቆዳ የሚሠራ፣ መናኝና እረኛ ከብርድ የሚከለልበት ልብስ ነው። ይህ አባባል ሲፈጠር፣ ጆሮን በእርግጥ በወፍራም ልባስ ሸፍኖ መንገድ መሄድ የሚቻልበት ዘመን ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ነገሩ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የአነስተኛ አውቶሞቢል ባለቤት ወደ ጋራዥ ሄዶ የበሮቹን ውስጥ በከባድ ልባጥ፣ ወለሉን በወፍራም ምንጣፍ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክ ሲያስደፍን፣ በቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ ለጆሮው ዳባ ማልበሱ ነው።

ጉዳዩ ከላይ ሲታይ የመካኒክ እንጂ የፈላስፋ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከውስጡ አንድ መሠረታዊ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይወጣል፤ ይኸውም ሰው ከሌሎች ጋር በሚጋራው መንገድ ላይ ሲሄድ፣ ለራሱ ብቻ የሚሆን ጸጥታ ለማግኘት ያለው መብት ወሰኑ የት ላይ ነው? የሚል ነው። ጥያቄው በረቂቁ ብቻ እንዳይቀር፣ በምሥራቅ ጎጃም ቢቸናንና ሞጣን በሚያገናኘው ጎዳና ላይ ተፈትኖ ቢታይ ይበጃል።

የቆርቆሮ ቤትና የሣር ቤት

በቢቸናም ሆነ በሞጣ የሣር ክዳንንና የቆርቆሮ ክዳንን ለይቶ የማያውቅ ሰው የለም። በሐምሌ ዶፍ ሲወርድ፣ በሣር ክዳን ሥር ያለ ሰው ወጉን ሳያቋርጥ ይጫወታል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚያስተምር መምህር ግን ድምፁ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም፤ ጠመኔውን እንደ ጨበጠ ዝናቡ እስኪያባራ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። ዝናቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከክዳኑ ጠባይ ነው። ሣር ልልና ወፍራም ስለሆነ የጠብታውን ምት በውስጡ ያስቀረዋል። ቆርቆሮ ስስና ግትር ስለሆነ የመታውን ሁሉ መልሶ ያሰማል።

አነስተኛ አውቶሞቢል በአራት ጎማ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው። በረከሰ ዋጋ እንዲሸጥና ነዳጅ እንዲቆጥብ ሲባል አካሉ ስስና ቀላል ሆኖ ይሠራል። የድምፅ ሳይንስ እንደሚያስረዳው፣ በአየር የሚመጣን ድምፅ የሚያግድ ገበታ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨመር፣ በእርሱ በኩል የሚያልፈው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ ጸጥታ በክብደት፣ ክብደትም በገንዘብ የሚለካ ሆኖ ይገኛል። ትልቁና ውዱ አውቶሞቢል ጸጥታውን ከፋብሪካው ይዞ ይወጣል፤ የትንሹ አውቶሞቢል ባለቤት ግን ጸጥታን የሚያገኘው በጋራዥ ደጅ እየተመላለሰ፣ ጥቂት በጥቂት ነው።

የጩኸቱ ምንጭ ምንድን ነው? ደኅና ሞተር ባለው ትንሽ አውቶሞቢል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ፣ ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ የጎማው ድምፅ ይበልጣል። የጎማው ጥርስ መሬቱን በየቅጽበቱ ይመታል፤ በጥርሶቹ መካከል የታፈነውም አየር እየተጨመቀ ይወጣል። ይህ ድምፅ በሁለት መንገድ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። አንደኛው አየር ሲሆን፣ በበርና በመስኮት ክፍተት ሾልኮ ይገባል። ሁለተኛው የአውቶሞቢሉ ብረት ራሱ ነው፤ ንዝረቱ ከጎማ ወደ አሞርዛተር፣ ከዚያም ጎሚኒ በሚባሉት የላስቲክ መያዣዎች አልፎ ወደ ወለሉና ወደ ጣሪያው ይዛመታል። በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ከጎማው ሥር የሚፈናጠረው ድንጋይ ፓራፋንጎውንና ወለሉን ይደበድባል።

የአገሬው ሰው እነዚህን ሕጎች የሚያውቃቸው ከዕለት ኑሮው ነው። የተመታ ከበሮ ላይ መዳፉን ያሳረፈ ሰው ድምፁ ወዲያው እንደሚሞት ያውቃል፤ በበር ቆርቆሮ ላይ የሚለጠፈው፣ ከሬንጅ ወይም ከላስቲክ የተሠራው ከባድ ልባጥ የሚፈጽመው ሥራ ይኸው ነው። የባዶ እንስራን አፍ በትንፋሹ የነካ ልጅ የሰማው ጉምጉምታ፣ አንድ መስኮት ብቻ በጥቂቱ ከፍቶ በፍጥነት የሚሄድ አሽከርካሪ ጆሮውን ከሚመታው ድምፅ ጋር በባሕርዩ አንድ ነው። የበር ስንጥቅ ብርድ እንደሚያስገባ የሚያውቅ ባለ ጎጆም፣ ስንጥቅ ድምፅ እንደሚያስገባ ለመረዳት አይቸገርም። ከአንድ ግድግዳ ስፋት አንድ መቶኛው ክፍት ከቀረ፣ የቀረው 99 እጅ የድንጋይ ቅጥር ቢሆን እንኳ፣ ግድግዳው የሚያግደው ድምፅ ከ20 ዴሲቤል አያልፍም። ስለዚህ ያረጀ የበር ላስቲክ ሳይለወጥ በሩን በልባጥ ማክበድ፣ በሩን ከፍቶ ጣሪያ እንደ መድፈን ያለ ከንቱ ድካም ነው።

ጎዳናውና ባለቤቶቹ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው ጎዳና፣ በስተ ምዕራብ የጮቄን ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ የዓባይን ሸለቆ ይዞ የሚሄድ ነው። አገሩ በነጭ ጤፉ የታወቀ ነው። ጤፉን የሚያበቅለው ጥቁር መረሬ አፈር ግን ለመንገድ ሠሪ ጠላት ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተሠራውንም መንገድ አብሮ ያነሣዋል፣ አብሮም ይጥለዋል። ጎዳናው ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ ቆይቶ፣ በኋላ ክፍል በክፍል አስፋልት ገብቶለታል። ይህን መንገድ በጠጠር ዘመኑ የተጓዘ ሰው፣ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ መሬት አውቶሞቢልን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥና በአጠገብ ከተቀመጠ ጓደኛ ጋር መነጋገርን እንዴት እንደሚከለክል አይዘነጋውም።

ነገር ግን ጎዳናው የአውቶሞቢል ብቻ ሆኖ አያውቅም። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚወጣው ሰው፣ እህል የጫነው አህያ፣ ለሽያጭ የሚነዳው በግና ፍየል፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ሁሉ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ወደ ዲማ ጊዮርጊስና ወደ ደብረ ወርቅ ማርያም የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በእግሩ ተጉዟል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከሚተረክባቸው ሥፍራዎች አንዱ ዲማ እንደ መሆኑ፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ይህን አገር ሳያየውም ያውቀዋል። በዚያ ልብ ወለድ ሰው ከቦታ ቦታ የሚደርሰው በእግሩና በበቅሎ ጀርባ ነው። እንዲህ የሚሄድ መንገደኛ ከፊቱ ያለውን ነገር ከዓይኑ አስቀድሞ በጆሮው ያገኘዋል፤ የወንዙን ሙላት፣ የውሻውን ጩኸት፣ የለቅሶውንና የሠርጉን ድምፅ ሰምቶ ጉዞውን ያስተካክላል። «ደኅና ዋላችሁ» የሚባባለውም ድምፅ ለድምፅ ስለሚደራረስ ነው።

አውቶሞቢል ይህን ግንኙነት ለወጠው። በ1900 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ በአገሪቱ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ተጓዦች አሉ፤ ድምፅ የሚያሰማና ድምፅ የሚሰማ። ባለ አውቶሞቢሉ ጡሩምባውን ሲነፋ እግረኛው ይሰማዋል፤ እግረኛው ሲጣራ ግን ባለ አውቶሞቢሉ መስማቱ የተረጋገጠ አይደለም። ለአውቶሞቢል የሚለበሰው ዳባ ሲወፍር ይህ ልዩነት የበለጠ ይሰፋል።

ምቾት ኃጢአት ነውን?

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ፍርድ መታረም አለበት። አንዳንድ ሰው ምቾትን በጠቅላላው ይጠላል፤ ሰፊው ሕዝብ በአቧራና በጩኸት ውስጥ እየኖረ፣ ጸጥ ባለ አውቶሞቢል የሚሄድ ሰው ሁሉ ኅሊና የጎደለው ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ችግርን እንደ በጎ ምግባር የሚቆጥር በመሆኑ ለማንም አይበጅም። ለሰዓታት የማያቋርጥ ጉምጉምታ አሽከርካሪውን ያደክማል፤ የደከመ አሽከርካሪ ደግሞ ለራሱም ለእግረኛውም አደጋ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ወይም የታመመን ሽማግሌ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው፣ የሕመምተኛውን ማቃሰት መስማት ይኖርበታል፤ አባትና ልጅ ረጅም መንገድ አብረው ሲሄዱ መነጋገር ይገባቸዋል። ጩኸት የሰውን ቃል የሚያፍን ነገር እስከ ሆነ ድረስ፣ ጩኸትን መዋጋት ለሰው ቃል መቆም ነው።

ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው በጸጥታው ላይ ሳይሆን ጸጥታው በተገኘበት መንገድ ላይ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ጸጥታ እንዳለ መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ጸጥታ ከምንጩ የሚገኝ ነው። የጎማው ነፋስ በልኩ ሲሞላ፣ ያልተበላና ጸጥ ያለ ጥርስ ያለው ጎማ ሲገጠም፣ ያረጀው ጎሚኒ ሲለወጥ፣ የላላው ብሎን ሲጠብቅ፣ የተቀደደው ማርሚታ ሲበየድ፣ ከሁሉም በላይ ፍጥነት ሲቀንስ ድምፁ ገና ሳይወለድ ይቀራል። የመንገዱ መልክም እዚሁ ይመደባል፤ በሬንጅ ላይ ሻካራ ጠጠር ተበትኖ ከሚሠራው መንገድ ይልቅ፣ ተቀላቅሎና ተዳምጦ የተነጠፈ ለስላሳ አስፋልት ጎማን ዝም ያሰኛል። ከዚህ ዓይነቱ ሥራ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ያለው ሰው ይጠቀማል፤ በመንገድ ዳር ቤት ያላት ሴትም አብራ ትጠቀማለች።

ሁለተኛው ጸጥታ ከጆሮ ደጃፍ የሚገኝ ነው። የበሩ ክፍተት ሲደፈን፣ ቆርቆሮው ሲለበጥ፣ ወለሉና ጣሪያው በስሜትና በስፖንጅ ሲሸፈን፣ ውጭ ያለው ጩኸት ቅንጣት አይጎድልም። በአራቱ መስኮት ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ከእርሱ ያመልጣል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው አባባል በዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ነፋሱም አቧራውም ከውጭ ላለው ይተዋል።

ይህ ማለት ሁለተኛው ዓይነት የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ራሱ ቅደም ተከተሉን ያስተምራል፤ አስቀድሞ ጎማና መያዣዎቹን ይመረምራል፣ ቀጥሎ የላላውን ያጠብቃል፣ ከዚያ ክፍተቱን ይደፍናል፣ በመጨረሻ ልባጡን ይለጥፋል። ምክንያቱ ቁጠባ ነው፤ ከምንጩ ያልተገታን ድምፅ በልባጥ ማሸነፍ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፣ አውቶሞቢሉንም ያከብደዋል፣ ነዳጅም ያስበላዋል። የሚያስደንቀው፣ የቴክኒኩ ሥርዓትና የሥነ ምግባሩ ሥርዓት በዚህ ላይ መገናኘታቸው ነው። ለሁሉ የሚጠቅመው ሥራ ይቀድማል፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ይከተላል። አብዛኛው ባለ አውቶሞቢል የሚሳሳተው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው።

የመምህሩ ምሳሌ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ሰው በምሳሌነት ይታሰብ። ሰውየው በቢቸና የሚያስተምር መምህር ነው፤ የታመሙ እናቱ በሞጣ ይኖራሉ። ለዓመታት ቆጥቦ ያረጀ ትንሽ አውቶሞቢል ገዛ። እናቱን ወደ ሕክምና ሊያመጣ በመጀመሪያው ቀን ሲሄድ፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቱ በመንገዱ ሁሉ የተናገሩትን አንዲት ቃል አልሰማም። ቢቸና ሲደርሱ እናቱ ራሳቸውን በነጠላቸው አስረው ወረዱ። መምህሩ አዘነ፤ ጎማውን ለወጠ፣ ጎሚኒውን አስቀየረ፣ የበሩን ላስቲክ አሳደሰ፣ በተረፈው ገንዘብም በሮቹንና ወለሉን አስለበጠ። እስከዚህ ድረስ የሚወቀስበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ልጅ ለእናቱ የሚያደርገውን አደረገ።

በሁለተኛው ጉዞ እናቱ ተረጋግተው ተቀመጡ። ልጅየው ደስ አለው። ነገር ግን ሳያውቀው አንድ ነገር ተለውጧል። ቀድሞ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚሰማው ጩኸት «በቃህ» ይለው ነበር፤ አሁን በ80 ሲሄድ እንኳ አውቶሞቢሉ የሚያዘግም ይመስለዋል። ይህ የእርሱ ብቻ ድክመት አይደለም፤ የሚሰማው ድምፅ የተቀነሰበት አሽከርካሪ ፍጥነቱን አሳንሶ እንደሚገምት በሙከራ ታይቷል። ጆሮ ሳይታወቅ የፍጥነት መለኪያ ሆኖ ያገለግል ኖሯል።

የክረምት ወቅት ነበር። አንዲት መንደር ሲደርሱ በመንገዱ ዳር የቆሙ ጥቂት ሰዎች እጃቸውን አነሡ። መምህሩ ሊሳፈሩ የፈለጉ መሰለውና ሊያልፋቸው ጥቂት ሲቀረው፣ እናቱ በመስኮቱ እያዩ፦

«ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እያሉ ነው?» አሉት።

መምህሩ ፍሬን ይዞ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ገባ። ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን የመንገድ ጠርዝ ወስዶት ነበር፤ ሰዎቹም ከጠዋት ጀምረው በዝናብ ውስጥ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ያስጠነቅቁ ነበር።

ይህ ምሳሌ ሁለት ነገር ያሳያል። የመጀመሪያው፣ ለራስ ብቻ የተሠራ ጸጥታ ተመልሶ የሌላው ጩኸት መሆኑ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የጎማ ድምፅ በ10 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ 10 ዴሲቤል ደግሞ በሰው ጆሮ ዘንድ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። እንግዲህ ውስጡ ጸጥ ስላለ የሚፈጥን አውቶሞቢል፣ ከውስጥ ያወጣውን ጩኸት ለመንገድ ዳር ነዋሪ ጨምሮ ይመልስለታል። ሁለተኛው፣ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ ጩኸት አለመሆኑ ነው። ልባጥ ጠጠርን ከቃል አይለይም፤ የሚያደክመውንም የሚያድነውንም በአንድነት ያግዳል። መምህሩ እናቱን ለመስማት ብሎ የሠራው ጸጥታ፣ እናቱንም እርሱንም ሊያድን የቆመውን ሰው ድምፅ ዘጋበት።

ጸጥታ ሸቀጥ ሲሆን

ይህ ቅራኔ የቢቸናና የሞጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የአንድ እንግሊዛዊ የቅንጦት አውቶሞቢል ፋብሪካ ማስታወቂያ፣ አውቶሞቢሉ በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ፣ በውስጡ ጎልቶ የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ነው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ማስታወቂያው በዓለም ታወቀ፤ ጸጥታም እንደ ቆዳ ወንበርና እንደ ውድ እንጨት የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ በግልጽ ታየ። ከውጭ ቆሞ አውቶሞቢሉ ሲያልፍ ለሚሰማው ሰው ግን ማስታወቂያው አንዳች ቃል አልነበረውም።

ስለ ውጭው ሰው የተናገሩት ሌሎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ የመንገድ ጩኸት እንቅልፍንና የልብን ጤና እንደሚጎዳ አመልክቶ፣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ የቀንና የሌሊቱ አማካይ ከ53 ዴሲቤል፣ የሌሊቱ ብቻ ደግሞ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ይህ መለኪያ የተዘጋጀው በመንገድ አጠገብ ለሚኖረው ሕዝብ ነው። አውቶሞቢሎቹ ሁሉ ከውስጥ ቢለበጡ መለኪያው በአንዲት ዴሲቤል እንኳ አይለወጥም።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሲመጣ ደግሞ ቅራኔው መልኩን ለወጠ። ሞተሩ ጸጥ ያለ ስለሆነ፣ በዝግታ ሲሄድ እግረኛ፣ በተለይም ዓይነ ስውር፣ መምጣቱን ሊያውቅ አልቻለም። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከ2019 ጀምሮ አዲስ ዓይነት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ፍጥነታቸው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ሆን ተብሎ የተሠራ ድምፅ እንዲያሰሙ ግዴታ ሆነ። የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ደክሞ ያጠፋውን ድምፅ ለሌላው ሰው ደኅንነት ሲል መልሶ አስገባው። በኢትዮጵያም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ሞተሩ ዝም ሲል በአውቶሞቢሉ ውስጥ የጎማው ድምፅ ይበልጥ ጎልቶ ስለሚሰማ፣ ባለቤቱ ልባጥ መሻቱ አይቀርም፤ ከውጭ ደግሞ እግረኛው የሚሰማው ምልክት አንሷል። ሁለቱ ጆሮዎች፣ የውስጡና የውጭው፣ በአንድ ጊዜ የሚዘጉበት ዘመን እንዳይሆን ማሰብ ያስፈልጋል።

የተዘጋ መስኮትና የሥራ ኃላፊነት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለአሽከርካሪ ብቻ አይደለም። ወደ ገጠር ለሥራ የሚወጣ ካድሬ መስኮቱን ዘግቶ ሄዶ፣ በአዳራሽ ተሰብስቦ የጠበቀውን ሕዝብ አነጋግሮ፣ መስኮቱን ዘግቶ ሊመለስ ይችላል። ሪፖርቱ በቁጥር የተሟላ ይሆናል። ከአዳራሹ እስከ አዳራሹ ባለው መንገድ ላይ የተባለው ግን አይኖርበትም። ሠዓሊውም በመስታወት ውስጥ ያየውን ገበያ በቀለም አሳምሮ ሊሥለው ይችላል፤ የገበያው ሰው ግን በሥዕሉ ላይ፣ የመምህሩ እናት እንዳዩዋቸው ሰዎች፣ አፉ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሌለው ይሆናል። ደራሲውና መምህሩም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደሉም። ለማሰብና ለመሥራት ጸጥታ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያስቡትና የሚሠሩት ነገር ግን ያለው ከጸጥታው ውጭ ነው።

እዚህ ላይ ከሞጣ ብዙም ሳይርቅ ዓባይን የሚሻገረው ሰባራ ድልድይ ሊታወስ ይገባል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ነገሥታት ጊዜ በድንጋይ የተሠራው ይህ ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በጎጃምና በጎንደር መካከል የሚመላለስ ሰው በገመድ ታስሮ፣ በወዲህና በወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተጠግኖ ጎርፍ ቢያፈርሰውም፣ በኋላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶለታል። ገመዱን ያስታወሰ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል፤ በገመዱ ላይ የተንጠለጠለው መንገደኛ ሕይወቱ በራሱ እጅ አልነበረም። ገመዱን የሚስቡት ሰዎች እርሱን ማየትና መስማት ነበረባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጆሮ ዳባ ልበስ ቢል፣ ገመዱ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ዋጋ አልነበረውም።

መንገድ ሁሉ በመሠረቱ እንዲህ ያለ ገመድ ነው። አስፋልቱ ለስልሶ፣ ጎማው ተሻሽሎ፣ አውቶሞቢሉ ጸጥ ባለ ቁጥር ገመዱ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይበጠስም። አሽከርካሪው የእግረኛውን፣ እግረኛውም የአሽከርካሪውን ሕይወት በእጁ ይዞ ይተላለፋል።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ጸጥታ የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው፤ ነገር ግን በጋራ መንገድ ላይ መብቱ የሚጀምረው ከምንጩ ነው። ጎማውን ያስተካከለ፣ ፍጥነቱን የቀነሰ፣ ለመንገዱ መጠገን የበኩሉን ያደረገ ሰው፣ በሩን ቢያስለብጥ የሚቃወመው አይኖርም። ከዚህ አንዱንም ሳያደርግ ጆሮውን ብቻ የሸፈነ ሰው ግን ጩኸቱን ለሌላው አስተላለፈ እንጂ አልቀነሰም። ጸጥታ ያገኘ ሰውም አንድ ዕዳ አለበት፤ ያጠፋውን የጠጠር ድምፅ በሰው ድምፅ መተካት።

በምሳሌው የተነሣው መምህር ልባጡን አላስነሣም፤ ማስነሣትም አያስፈልገውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መንደር ሲቃረብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የግራውን መስኮት ዝቅ ያደርጋል፣ የአህያውን ኮቴና የገበያተኛውን ወግ እየሰማ ያልፋል። እናቱም ከኋላ ሆነው የሚያውቁት ሰው ባዩ ቁጥር በስሙ ይጠሩታል፤ እርሱም ይመልስላቸዋል።